የኤርሜስ ስለት

ዴልፊና ቦንቪቺኒ «እጮኛዋ» መባል ከሰለቻት ቆይቷል። በካስቴልቬሮ አንዲት ሴት ዓመት ብትታጭ ሰው ደስ ይለዋል፤ ሁለት ዓመት ብትቆይ ጨዋ ናት ይባላል። ስድስት ዓመት ሲሆናት ግን ዳቦ ቤት ስትገባ የሞቀው ወሬ ቀጥ ይላል፤ ስትወጣ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። ዴልፊና ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች። ዳቦዋን ገዝታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ትወጣለች፤ ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ የምትወረውርበት ኃይል ግን ጠረጴዛውን ያሳዝናል።

በየፀደዩ እናቷ ሲኞራ ኢልዴ ለሠርጓ የተዘጋጁትን አንሶላዎች ከሣጥን አውጥተው ያጥባሉ። ሳይታጠቡ ከተቀመጡ እጥፋቸው ላይ ይወይባሉና ነው። ታጥበው ከአይብ ቤቱ ጀርባ ያለው ሣር ላይ ይሰጣሉ፤ በየጥጋቸው በቀይ ክር የተጠለፉት የሁለቱ ስሞች መነሻ ፊደላት ከመንገድ ይታያሉ። በዚህ ዓመትም ሲያሰጡ ጎረቤታቸው በአጥር አሻግራ፣ «ኢልዴ፣ እነዚህ አንሶላዎች እኮ ሰው ሳይተኛባቸው በሳሙና ሊያልቁ ነው» ብላ ሳቀች። ሲኞራ ኢልዴም አብረዋት ሳቁ። ዴልፊና መስኮቱን ዘጋችው።

እጮኛዋ ማን እንደሆነ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ኤርሜስ ቫንዴሊ የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ የእህል መውቂያ መኪና ሲጠግን አድጎ፣ ዛሬ ከሞዴና እስከ ሲሲሊ ስሙ የሚጠራ የመኪና እሽቅድድም ሾፌር ሆኗል። በብሬሻ አሸንፏል፤ በፔስካራ አሸንፏል፤ በሲሲሊ ተራሮች ላይ ሁለት ጊዜ አሸንፏል። ፎቶግራፉ በጋዜጣ ሲወጣ ፀጉር አስተካካዩ ቆርጦ መስታወቱ ላይ ይለጥፈዋል። ኤርሜስ የማያሸንፈው አንድ ውድድር ብቻ ነው፤ እሱም በተወለደበት በካስቴልቬሮ፣ በየዓመቱ በሰኔ የሚደረገው። የዴልፊና ዕጣ ፈንታ ደግሞ የተንጠለጠለው እዚሁ ላይ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ የእሁድ ምሳ ነበር። የዴልፊና አባት ሲኞር አንሴልሞ የአይብ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ በደጃቸው የሚያልፍ ሁሉ ባርኔጣውን የሚያነሳላቸው ሰው። ታናሽ ወንድማቸው ከጦርነቱ በፊት መካኒክ ሆኖ ከሾፌር አጠገብ ተቀምጦ ሲሄድ ዛፍ ላይ ተጋጭቶ ሞቶባቸዋል። ስለዚህ ኤርሜስ ልጃቸውን ሲጠይቅ፣ ለሬሳ ሣጥን ልጅ አልድርም ብለው ቁርጡን ነገሩት። ኤርሜስም ብድግ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ ወዳለችው የእመቤታችን ሥዕል ዞሮ ተሳለ። የካስቴልቬሮን ውድድር ያሸነፍኩ ዕለት የራስ ቁሬን በኮረብታው ላይ ላለው ጸሎት ቤት አስገባለሁ፤ ከዚያ በኋላ መሪ አልጨብጥም፤ በዚያው ሳምንት ዴልፊናን አገባለሁ አለ። ሲኞር አንሴልሞ እጁን ጨበጡት። ሲኞራ ኢልዴ አለቀሱ።

የኮረብታዋ እመቤታችን ስለት ቀልድ አይደለም። የጸሎት ቤቷ ግድግዳ ከአንካሳ ክራንች እስከ ተሰበረ መሪ ድረስ የተሳለ ሰው ሁሉ ያስገባውን ተሸክሟል። ከዚያ ወዲህ ግን በየሰኔው አንድ ነገር ይፈጠራል። አንድ ዓመት ጎማ፣ አንድ ዓመት ዝናብ፣ አንድ ዓመት የሞተር ዘይት። ፀጉር አስተካካዩ የሰው ዓይን ነው ይላል። ዴልፊናም አንድ ሰሞን አምና፣ ቀይ የኮራል ክታብ ገዝታ ኪሱ ውስጥ ጨምራለት ነበር። ክታቡ በፔስካራ ሠራ፤ በካስቴልቬሮ ግን አልሠራም።

የዘንድሮው ውድድር የተደረገው ፀሐዩ አናት በሚበሳበት እሁድ ነው። መንገዶቹ ተዘግተዋል፤ በየኩርባው የገለባ እስር ተደርድሯል፤ ሰው በረንዳ ሙሉ ተንጠልጥሏል። ዴልፊና እንደ ወትሮዋ ከጥገናው ዳስ ፊት ቆማ፣ በአንገቷ የውድድር ሰዓት አንጠልጥላ፣ በእጇ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ይዛ ነበር። በዚያን ጊዜ የሾፌሮች ሚስቶችና እጮኞች ናቸው ሰዓት የሚይዙት። ቡድኖቹ ድሆች ስለሆኑ ነው የሚል አለ፤ የሚወድ ሰው ዓይኑን ስለማይጨፍን ነው የሚልም አለ። ኤርሜስ በፊቷ ባለፈ ቁጥር ዙሩን በስንት እንደጨረሰና ተከታዩ ምን ያህል እንደራቀ ጽፋ ታሳየዋለች፤ እሱም አንድ ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ አድርጎ ያልፋል። ያቺ ጣት ለእሷ ሰላምታም፣ ደብዳቤም ነበረች።

ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ መራ። ሎዶቪኮ የሚባል የቱሪን ልጅ ይከተለዋል፤ ግን ርቀቱ በየዙሩ እየሰፋ ነው የሄደው። ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ሲቀረው ልዩነቱ ኤርሜስ ወርዶ ውሃ ጠጥቶ ቢመለስ እንኳ የሚደረስበት አልነበረም። ዴልፊና አባቷ ቤት ተቀምጠው ግድ የሌላቸው መስለው፣ ነገር ግን መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው የድምጽ ማጉያውን እየሰሙ እንደሆነ ታውቃለች። ዛሬ ነው አለች በልቧ። እመቤቴ፣ ዛሬ ነው።

ቀጥሎ ያለው ዙር ረዘመ።

ሰዓቱን ዘግይታ ያስቆመች መሰላት። የሚቀጥለው ዙር ከዚያም ረዘመ። መካኒኩ ኔቪዮ አጠገቧ ቆሞ ጆሮውን ወደ መንገዱ አዘንብሎ ያዳምጥ ነበርና፣ ሞተሩ ምን ሆነ ብላ ጠየቀችው። ኔቪዮ ሞተሩ እየዘፈነ ነው አላት፤ ሲናገር ግን ወደ እሷ አልዞረም። ዴልፊና ሰሌዳውን በእጅጌዋ ጠርጋ በትልቁ «ፍጠን» ብላ ጻፈችና ከአጥሩ በላይ አነሳችው።

ኤርሜስ መጣ። ሰሌዳውን አየ። ከዚያ እሷን አየ። መነጽሩ አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ጥቀርሻ ሆኖ እንኳ ያንን አስተያየት ለየችው። መኪና ያስቸገረው ሰው አስተያየት አልነበረም። ማርማላታ ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ እንዲህ ያያል። ጣቱንም አላነሳም።

የምንጩ ኩርባ ላይ ሎዶቪኮ አለፈው። ሕዝቡ በአንድ አፍ «ኧረ!» ሲል ዴልፊና እዚያው በቆመችበት ሰማች። ኤርሜስ ሁለተኛ ወጣ።

ከመኪናው ወርዶ ለጋዜጠኞቹ ፍሬኑ ከዳኝ አላቸው። ከዚያ መጥቶ ዘይት ዘይት በሚሸት ከንፈሩ ግንባሯን ሳማትና፣ «በሚቀጥለው ዓመት፣ ነፍሴ» አላት። ዴልፊና በትከሻው ላይ አሻግራ ኔቪዮን ታየው ነበር። ኔቪዮ ጎማው ሥር በርከክ ብሎ ፍሬኑን ነካ፤ እጁን መልሶም ሱሪው ላይ ጠረገ። ሰው ሲበተን ጠብቃ ፍሬኑ ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀችው።

ኔቪዮ ዕቃውን መሰብሰቡን ቀጠለ። «ሲኞሪና፣ እኔ የማውቀው የመኪናውን በሽታ ነው» አለ። «የሰውዬውን እኔን አይጠይቁኝ።»

ወደ ቤት ብቻዋን ሄደች። እያንዳንዱ ሰኔ ተራ በተራ መጣባት። ያን ዓመት ሳያስፈልገው ውሃ ልቅዳ ብሎ የቆመው። ያን ዓመት ኩርባውን አስፍቶ ወጥቶ ሁለት መኪና ያሳለፈው። በዝናቡ ዓመት ከሁሉም ቀድሞ ፍጥነት የቀነሰው፤ በዝናብ መንዳት እንደ እሱ የሚችል ሰው ሳይኖር። እሷ ሁልጊዜ ታጽናናው ነበር። ፀጉሩን እየዳበሰች፣ አይዞህ፣ ይሁን፣ ዕድል ነው ትለው ነበር። ይህን ስታስብ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ሌላ ሴት አለችው ብላ አሰበች፤ ቀጥላም ሌላ ሴት ብትኖር ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች፤ ሴትን ቢያንስ ሄዶ ፀጉሯን መጎተት ይቻላል።

በማግስቱ ሰኞ ኤርሜስ እንደ ልማዱ መጣ። ከውድድሩ በኋላ በየዓመቱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ የጣፋጭ ካርቶን በሪባን አሳስሮ፣ ለሲኞር አንሴልሞ «በሚቀጥለው ዓመት» ሊል ይመጣል። እሳቸው አይቡ በሚበስልበት ጎተራ ውስጥ ነበሩ። ከጣሪያ እስከ ወለል በተደረደሩት ትልልቅ ክብ አይቦች መሃል እየሄዱ፣ እያንዳንዱን በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ፣ ውስጡ ደህና መሆኑን በድምፁ ይለያሉ። ኤርሜስን ሲያዩ አንገታቸውን ነቀነቁና ማንኳኳታቸውን ቀጠሉ። ዴልፊና ከኋላው ገብታ በሩን ዘጋችው።

ለምን ቀነስክ ብላ ጠየቀችው። እሱም ስለ ፍሬኑ መናገር ጀመረ።

«ፍሬኑ ምንም አልሆነም» አለችው። «ኔቪዮን ደግሞ እንዳትወቅሰው፤ እሱ አልነገረኝም። ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ኤርሜስ።»

የሲኞር አንሴልሞ መዶሻ ቆመ። ኤርሜስ እሳቸውን አየ፤ እሷን አየ፤ ውጭ ወጥተን እንነጋገር አላት።

«አባዬ ፊት ተስለህ አባዬ ፊት ትነግረኛለህ። ሌላ ሴት አለችህ?»

«እመቤታችን ምስክሬ ናት፣ ካንቺ በቀር ሴት አላየሁም።»

«እመቤታችንን ተዋት፤ በቂ ሥራ ሰጥተሃታል። እኔን ላለማግባት ነው የምትሸነፈው?»

ኤርሜስ የካርቶኑን ሪባን በጣቱ ጠቀለለ፤ ፈታ። ሲናገር ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«አንቺን ላለማግባት አይደለም። ላለማቆም ነው» አለ። «እሁድ ባሸንፍ ሰኞ ጠዋት ምንድን ነኝ? የራስ ቁሬ ከክራንቾቹ ጋር ተሰቅሎ፣ እኔ እዚህ ካባትሽ ኋላ ኋላ እየሄድኩ አይብ ሳንኳኳ? ልጅ ሆኜ መሪ ከጨበጥኩ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኜ አላውቅም። ከመኪናው ወርዶ የሚቀረውን ሰውዬ አላውቀውም፣ ዴልፊና። ደግ ይሁን፣ ሰካራም ይሁን፣ ሚስቱን የሚደበድብ ይሁን አላውቅም። አንቺን ለእሱ መዳር ፈራሁ።»

ሲኞር አንሴልሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ታዲያ መጥተህ ስለቱ ከበደኝ አትልም ነበር ወይ አሉት።

«ስለት እንዴት ይፈርሳል፣ ሲኞር አንሴልሞ?» አለ ኤርሜስ። አንገቱን ቀና አደረገ። «የፈለጉትን ይበሉኝ፤ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ግን አይደለሁም።»

ይህን ያለው አፉን ሞልቶ ነበር። ቃሌን አላጥፍም ብሎ የሴትን ስድስት ዓመት የበላ ሰው፣ የበላው ነገር እንዳለ ፈጽሞ አልታየውም። ዴልፊና ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ሌላ ነገር ሆነባት።

«ማነው አቁም ያለህ?» አለችው።

አልገባውም።

«እኔ አንድ ቀን አቁም ብዬህ አውቃለሁ ወይ? አስታውስ እስቲ።»

ኤርሜስ ለማስታወስ ሞከረ። ሲፈልግ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ያጣው መሆኑም ታየ።

«የዚያን ቀን አንተ ተሳልክ፣ አባዬ እጅህን ጨበጠ፣ እማዬ አለቀሰች። እኔ የት ነበርኩ? ወጥ ቤት መረቅ እየቀዳሁ። ሳህኑን ይዤ ስገባ ነገሩ አልቆ የላምብሩስኮ ወይን ጠጅ ተከፍቷል። ማንም ሰው ዴልፊና፣ አንቺስ ምን ትያለሽ አላለኝም። ቢሉኝ ይንዳ እል ነበር። እየፈራሁ፣ በየውድድሩ አንጀቴ እየተቃጠለ፣ ግን ይንዳ እል ነበር። የወደድኩት እኮ ሲነዳ ነው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም አላት። ለጥያቄው መብት ነበረው፤ እሷም አልሸሸችውም።

«ስለት ነው ሲባል ምን ልበል፣ ከእመቤታችን ጋር ልከራከር? ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ኮራሁ። ለኔ ብሎ መኪናውን ሊተው ነው ብዬ በከተማው መሃል ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። የኩራቴን አገኘሁ።»

የኤርሜስ ፊት ቀስ በቀስ በራ። ክረምቱ ያለፈለት ሰው መሰለ። ዛሬውኑ ቄሱ ዶን ቼልሶ ጋ እንደሚሄድ፣ ቄስ ስለት የመፍታት ሥልጣን እንዳለው፣ በዚህ ወር ሊጋቡ እንደሚችሉ፣ እሱም እንደሚነዳ፣ እሷም ሰዓት እንደምትይዝለት በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ሲጨርስ እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

ዴልፊና እጇን ወደ ኋላ አደረገች። «አይሆንም።»

«አሁን ይንዳ አላልሽም?»

«እል ነበር ነው ያልኩህ። ያቃተኝ መንዳትህ አይደለም፣ ኤርሜስ። በየዓመቱ እዚያ ቆሜ ታየኛለህ። እያየኸኝ ፍሬን ትይዛለህ። ከዚያ ወርደህ ግንባሬን ትስመኛለህ፤ እኔ ደግሞ አጽናናሃለሁ። እኔ! አንተን! አንድ ጊዜ እንኳ አጽናንታኝ ስትሄድ ነውር ነው አላልክም?»

«እፈራ ነበር አልኩሽ እኮ።»

«ፍርሃትማ የኔም ነበር። ፍርሃትህን ብትሰጠኝ ለሁለት እንይዘው ነበር። ዶን ቼልሶ ጋ ሂድ፣ አትሂድ፣ እሱ ያንተ ጉዳይ ነው። ስድስት ዓመት የጠበቀችህ ግን እመቤታችን አይደለችም፤ እኔ ነኝ።»

ቀለበቱን አውልቃ ከጣፋጩ ካርቶን ላይ አስቀመጠችለት። ኤርሜስ ቀለበቱን እያየ ቆየ። ብሬሻ ላይ፣ ሲሲሊ ላይ ስንት ሰው ያጨበጨበለት ሰው ባርኔጣውን የት እንዳስቀመጠ ጠፍቶበት ዙሪያውን ፈለገ። ባርኔጣው እጁ ላይ ነበር።

«ምን ላድርግ?» አላት። «ንገሪኝ ብቻ። የምትዪኝን አደርጋለሁ።»

ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ይህ ነው። አሁንም ከሌላ ሰው አፍ ትእዛዝ ይጠብቃል።

«እኔ ነግሬህ ካደረግከውማ እንደገና ስለት ሆነ» አለችው። «ሂድ።»

ሄደ። በሩን ሲዘጋ እንኳ በቀስታ ነበር፤ ዴልፊና ምነው በሩን በወረወረው ብላ ተመኘች። ያን ጊዜ ቢያንስ እሷም የሆነ ነገር ትወረውር ነበር።

ሲኞር አንሴልሞ መዶሻቸውን ወደ ሽርጣቸው ኪስ ሊከቱ ሞክረው ሳቱት፤ እንደገና ሞከሩ። ሽማግሌው ባንድ ጠዋት ያረጁ መሰሉ። ያን ቀን ያደረግኩትን ለአንቺ ብዬ ነው አሏት፤ ወንድሜን በጨርቅ ጠቅልለው ነው ያመጡልኝ አሏት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች። «ሁላችሁም ለኔ ብላችሁ ነው።»

ይህ ከስድብ ይልቅ ወጋቸው። ውጭ የኤርሜስ መኪና ሞተር ተነሳ። ሲኞር አንሴልሞ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ እንግዳ ሰው እንደሚያናግር ሰው ሲያመነቱ ቆዩ።

«ታዲያ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?» አሉ።

ዴልፊና ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን ጥያቄ በየምሽቱ አልጋዋ ውስጥ ሆና፣ አንዴ በእናቷ፣ አንዴ በኤርሜስ፣ አንዴ በዶን ቼልሶ አፍ ስታስጠይቅ ኖራለች። መልሱን በልኩ ቆርጣ፣ አሳምራ አዘጋጅታው ነበር። አሁን ጥያቄው ሲመጣ ያ ያማረ መልስ አንዱም ቃል አልገኝ አላት። የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ሳትፈልግ አዳመጠችው፤ ማርሽ ሲቀይር አወቀች፤ ወንዙ ጋ ሲደርስ አወቀች። ሮጣ ወጥታ ልትጠራው ትችል ነበር። እግሯም አስቦት ነበር። ግን ብትጠራው እንደሚመለስ ታውቃለች፤ ስለተጠራ ብቻ እንደሚመለስ።

«እሱን» አለች። «አባዬ፣ እሱን ነው የምፈልገው። ግን ወደኔ ሲመጣ ፍሬን የማይዘውን።»

ዴልፊና አይብ ሲገለበጥ በሚቆሙበት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ዳቦ ቤት ውስጥ የዋጠችውን፣ መስኮት ዘግታ የዋጠችውን፣ ኤርሜስን እያጽናናች የዋጠችውን ሁሉ ጮክ ብላ፣ ጎረቤት ይስማ አይስማ ሳትል አለቀሰችው። ሐዘን አልነበረም፤ ንዴት ነበር፤ በንዴቱ መሃል ግን ሰውዬውን አሁንም እንደምትወደው ግልጽ ሆኖ ታያት፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደዳት። አባቷ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው፣ በከበደ እጃቸው ትከሻዋን ይዘው፣ እስኪወጣላት ድረስ አጠገቧ ቆሙ።